የስምጥ ሸለቆው ዳር የት ላይ ነው?

የተፈጥሮ ወሰንን በዲጂታል ካርታ ስለ ማውጣት የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ

መግቢያ

እንደሚታወቀው ሁሉ ዲላ በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምሥራቃዊ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ይህንን በመጽሐፍ አንብበናል፤ በክፍል ውስጥም ደጋግመን ሰምተናል። ይሁን እንጂ ነገ ተመድበን በምናስተምርበት ት/ቤት አንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ታዲያ የእኛ ቤት ሸለቆው ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?» ብሎ ቢጠይቀን፣ ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን አፋችንን ሞልተን የምንመልስለት?

ጥያቄው የልጅ ይምሰል እንጂ ቀላል አይደለም። ዛሬ ኮምፒዩተርና የሳተላይት መረጃ በእጃችን ስላለ «ማሽኑ ይንገረን» ማለት ይቀናናል። በዚህ ጽሑፍ ማሽኑ ምን ሊነግረን እንደሚችልና ምን ሊነግረን እንደማይችል ለማሳየት እንሞክራለን። ዋናውን ነጥብ ከወዲሁ እናስቀምጠው፦ ኮምፒዩተር የሸለቆን ወሰን ፈልጎ አያገኝም፤ እኛ በሰጠነው ደንብ መሠረት ያሰምራል እንጂ። ስለዚህ መስመሩን ከማመናችን በፊት የተሠመረበትን ደንብ መጠየቅ ይኖርብናል።

1/ ወንዝ የቆፈረው ሸለቆና ስምጥ ሸለቆ

ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የተጓዘ ሰው የዓባይ ሸለቆ ከየት እንደሚጀምር ለማወቅ አስተማሪ አያሻውም። ሜዳው በድንገት ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ያንን ሸለቆ የቆፈረው ወንዙ ነው። አፋፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በካርታ ላይ ለማስፈርም ብዙ አያከራክርም።

ስምጥ ሸለቆ ግን አፈጣጠሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 በኬንያ ወደሚገኘው የባሪንጎ ሐይቅ የተጓዘው እንግሊዛዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ጆን ዋልተር ግሪጎሪ፣ ሸለቆው ውኃ የቦረቦረው ሳይሆን በትይዩ የመሬት ስብራቶች መካከል ያለው ምድር ወደ ታች በመስመጡ የተፈጠረ መሆኑን አስረድቷል። የመሬት ቅርፊት ግራና ቀኝ ሲሳሳብ መካከሉ ይሳሳና ይሰምጣል። በአገራችን ይህ እንቅስቃሴ ዛሬም አላቆመም፤ ሁለቱ ወገኖች በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በአፋር፣ በዳባሁ አካባቢ፣ 60 ኪ.ሜ. ያህል ርዝመት ያለው ምድር በቀናት ውስጥ መሰንጠቁ ለዚህ ምስክር ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። መሬቱ በአንድ ቦታ ብቻ አልተሰበረም። ብዙ ስብራቶች ጎን ለጎን ስለተፈጠሩ የሸለቆው ግድግዳ እንደ ደረጃ እርከን እርከን ሆኖ ይወርዳል። ታዲያ ደረጃው የሚጀምረው ከላይኛው እርከን ነው ወይስ ከታችኛው? ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የራሳችንን አካባቢ እንውሰድ። የአባያ ሐይቅ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1170 ሜትር ገደማ ሲሆን ዲላ ደግሞ 1570 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ወደ 30 ኪ.ሜ. የሚጠጋ ርቀት አለ። ይህም ማለት በአማካይ በየ100 ሜትሩ ከፍታው የሚጨምረው ከአንድ ሜትር ብዙም በማይበልጥ መጠን ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ዳገት መሆኑን እንኳ ላያስተውለው ይችላል። ከዲላ ወደ ቡሌ ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በአየር ከ20 ኪ.ሜ. ባነሰ ርቀት ውስጥ ከ1000 ሜትር በላይ ይወጣል። ቡናው ይቀራል፤ ብርዱ ይመጣል፤ ከእንሰቱ ጋር ገብስ ይታያል። በመሆኑም ዲላ ዝግ ያለው ዳገትና ጠንካራው ዳገት በሚገናኙበት ቦታ ላይ ተቀምጣለች ማለት ነው።

2/ ማሽኑ የሚያየው ምንድን ነው?

በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ለ11 ቀናት ምድርን እየዞረች በራዳር ከፍታ ለካች። ከሰሜን 60 ዲግሪ እስከ ደቡብ 56 ዲግሪ ያለው የብስ በሙሉ ማለት ይቻላል ተለካ። መጀመሪያ ላይ ለአፍሪካ የተለቀቀው መረጃ በ90 ሜትር ርቀት የተወሰደ ነበር፤ በመስከረም 2007 ዓ.ም. ደግሞ የ30 ሜትሩ በነፃ ተለቀቀ። ዛሬ ማንኛውም ሰው ይህንን መረጃ ያለ ክፍያ ወስዶ፣ ኪውጂአይኤስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሊሠራበት ይችላል።

ይህ መረጃ ዲጂታል የከፍታ ሞዴል ይባላል። ስሙ አያስፈራን! ነገሩ ባለ አራት ማዕዘን ክፍሎች ያሉት ትልቅ ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ክፍል፣ ማለትም ፒክሴል፣ መሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ያህል ቦታ ይወክላል፤ በውስጡም አንድ ቁጥር ብቻ ይዟል፤ ይኸውም ከፍታ ነው። ሠንጠረዡ ውስጥ «ሸለቆ» የሚል ቃል የለም። «ዳር» የሚልም የለም። ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

በጌዴኦ ደግሞ አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ትልልቅ ዛፎች፣ በሥራቸው እንሰት፣ ከዚያም በታች ቡና የተደራረቡበት ምድር ነው። ራዳሩ ከላይ ሲመለከት ቅጠሉንና ቅርንጫፉን አልፎ አፈሩ ድረስ ሙሉ በሙሉ አይደርስም። ስለዚህ በጥላ ዛፍ በተሸፈነ ማሳ ላይ የምናገኘው ቁጥር ከመሬቱ ከፍታ በጥቂት ሜትሮች ሊበልጥ ይችላል። የ1000 ሜትር ግድግዳ ለሚለካ ሰው ይህ ከቁም ነገር አይገባም። የአንዲት ትንሽ ጅረት ቦይ ለሚለካ ግን ሥራውን ያበላሽበታል።

3/ ሦስት ደንቦች፣ ሦስት መስመሮች

ሀ/ የከፍታ ደንብ፦ «ከ1500 ሜትር በታች ያለው ሁሉ ሸለቆ ነው» ብለን ብናዝዝ ኮምፒዩተሩ ወዲያውኑ ይሠራዋል። 1500 ሜትር ቆላንና ወይና ደጋን ለመለየት የለመድነው ቁጥር ስለሆነ ይጥመናል። በዚህ ደንብ ዲላ ከሸለቆው ውጭ ትሆናለች። ቁጥሩን 1800 ብናደርገውስ? ያችው ዲላ ውስጥ ትገባለች። ከተማዋ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፤ የተለወጠው የእኛ ቁጥር ነው።

ለ/ የተዳፋት ደንብ፦ እዚህ ላይ የምንፈልገው ከፍታውን ሳይሆን መሬቱ ጠንከር ብሎ መውጣት የሚጀምርበትን ቦታ ነው። ማሽኑ የእያንዳንዱን ፒክሴል ጎረቤቶች እያነጻጸረ ተዳፋቱን ያሰላል። ለምሳሌ በምዕራብና በምሥራቅ ያሉት የአንድ ፒክሴል ጎረቤቶች መካከል 60 ሜትር ርቀት ቢኖርና የከፍታ ልዩነታቸው 18 ሜትር ቢሆን፣ ተዳፋቱ 18 ሲካፈል ለ60፣ ማለትም 30 ከመቶ ወይም 17 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ይህ ደንብ ከመጀመሪያው ይሻላል። ነገር ግን ጅረቶች የቦረቦሯቸው ትንንሽ ገደሎችም ተዳፋታቸው ከፍተኛ ስለሆነ ማሽኑ እነርሱንም «ግድግዳ» ብሎ ይቆጥራቸዋል። ካርታው ኩፍኝ እንደ ወጣበት ገላ ነጠብጣብ ይሆናል። ይህንን ለማጥራት ሰፋ ባለ ክልል አማካይ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ክልሉ ምን ያህል ይስፋ የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ያው ሰው ነው።

ሐ/ የስብራት ደንብ፦ የግሪጎሪን ትርጓሜ በትክክል የሚከተለው ይህ ነው። ወሰኑ ዋናው የመሬት ስብራት ያለበት ቦታ ነው ይላል። ሆኖም ስብራቱ በአፈርና በደን ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም ግድግዳው በዝናብና በጎርፍ እየተበላ ከስብራቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። በመሆኑም ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ የጂኦሎጂ ካርታና በእግር ሄዶ ድንጋዩን መመልከት ያስፈልጋል።

4/ መስመሩ የሚንሸራተተው የት ነው?

በስሌት እንየው። የከፍታ ደንባችንን በ100 ሜትር ከፍ ብናደርግ መስመሩ ምን ያህል ይሸሻል? መልሱ በተዳፋቱ ይወሰናል።

መሬቱ 2 ከመቶ ብቻ በሚያዘነብልበት ቦታ፦ 100 ሲካፈል ለ0.02 = 5000 ሜትር።
መሬቱ 30 ከመቶ በሚያዘነብልበት ቦታ፦ 100 ሲካፈል ለ0.30 = 333 ሜትር ገደማ።

አያችሁ? በአንዱ ቦታ መስመሩ 5 ኪ.ሜ. ሲሸሽ በሌላው ከግማሽ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው የሚንቀሳቀሰው። ስለዚህ ጠንካራ ዳገት ባለበት ሦስቱም ደንቦች ይቀራረባሉ፤ መስመሩ ይታመናል። መሬቱ ዝግ ባለበት ግን እያንዳንዱ ደንብ የየራሱን መንገድ ይይዛል። እንደዚህ ባለው ቦታ ሐቀኛ ካርታ አንድ ቀጭን መስመር ሳይሆን ወርድ ያለው ቀበቶ ማሳየት ይገባዋል። ለዚያ ልጅም የምንሰጠው መልስ ይኸው ነው፦ «ቤታችሁ ያለው በዳሩ ላይ ነው፤ ዳሩ ደግሞ ክር ሳይሆን መቀነት ነው።»

5/ ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ መረጃው የሚታደለው በአንድ ዲግሪ ካሬ ተከፋፍሎ ነው። ዲላ በሰሜን 6፣ ምሥራቅ 38 ካሬ ውስጥ ስትሆን ወደ አባያ ስንሄድ ወደ 37ኛው እንሻገራለን፤ የዞናችን ደቡባዊ ጫፍ ደግሞ ከ6 ዲግሪ በታች ይወርዳል። አንዱን ካሬ ብቻ የወሰደ ሰው ሸለቆው በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያለቀ ይመስለዋል።

ሁለተኛ፣ በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ የታተሙት የ1፡50,000 ካርታዎች አዲንዳን በተባለው መነሻ የተሠሩ ሲሆኑ ጂፒኤስና የሳተላይት መረጃ የሚጠቀሙት ሌላ መነሻ ነው። ሳይቀይሩ አንዱን በሌላው ላይ ማንጠፍ ወደ 200 ሜትር የሚጠጋ ዝንፈት ያመጣል። የ30 ሜትር ፒክሴል ይዞ 200 ሜትር መሳት ምን ይሉታል!

ሦስተኛ፣ የተዳፋት ካርታ የሰው ሕይወት ጉዳይም ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀጥፏል። ተዳፋት ብቻውን ናዳ አያመጣም፤ አፈሩና ዝናቡም ድርሻ አላቸው። ቢሆንም የተዳፋት ካርታ ጥንቃቄ የሚያሻቸውን ቦታዎች ለመለየት የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

አራተኛውና ትልቁ ጥንቃቄ፦ የተፈጥሮ ወሰን ሌላ፣ የአስተዳደር ወሰን ሌላ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተከሰተው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው መፈናቀላቸውን ሁላችንም እናውቃለን። በእኛ አካባቢ «ወሰን» ቀላል ቃል አይደለም። የተዳፋት ለውጥን የሚያሳይ መስመር ማን የት ይኑር የሚል ነገር በውስጡ የለበትም። መምህር ይህንን ልዩነት ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ለተማሪዎቹ ግልጽ ማድረግ አለበት። ደንቡ ያልተጻፈበት መስመር በክፍል ውስጥ ከተሰቀለ፣ አንዱ ልጅ እንደ ድንጋጌ፣ ሌላው እንደ ጥቃት ሊያነበው ይችላል።

6/ ኮምፒዩተር በሌለበት ት/ቤት እንዴት እናስተምረው?

ብዙዎቻችን የምንመደበው መብራት እንኳ በማይገኝበት ቀበሌ ሊሆን ይችላል። ምን ይደረግ ታዲያ? ትምህርቱ አይቀርም። የሚያስፈልጉን የአካባቢው 1፡50,000 ካርታ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ወረቀት፣ ሁለት ባለ ቀለም እርሳስና ማስመሪያ ናቸው።

ተማሪዎች በቡድን ሆነው የ1500 ሜትሩን የከፍታ መስመር በቀይ፣ የ1800 ሜትሩን በሰማያዊ ይቅዱ። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በተለያዩ ቦታዎች ይለኩ። በዚህ ካርታ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው። መስመሮቹ የሚራራቁበትንና የሚቀራረቡበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ። ከዚያም «ወሰኑ የትኛው ነው?» ብለን እናከራክራቸው። በመጨረሻም በሥዕላቸው ግርጌ «ይህ መስመር የተሠመረው በ... ደንብ ነው» ብለው እንዲጽፉ እናድርግ። ኮምፒዩተር የሚሠራው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ፍጥነቱ ነው እንጂ።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከትነው ዲጂታል ካርታ ድካማችንን ያቀልልናል፤ ለማየት የማንችለውን ያሳየናል። ማሰብን ግን አይተካም። መሬቱ ደረጃውን በሚሊዮን ዓመታት ሠራ፤ ማሽኑ ከፍታውን በ11 ቀናት ለካ፤ «ዳሩ ይህ ነው» የሚለውን ቃል የሚናገረው ግን ሰው ነው፤ የተናገረም ምክንያቱን ሊያስረዳ ይገባል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ተዳፋቱ 5 ከመቶ በሆነ ቦታ የከፍታ ደንቡ በ100 ሜትር ቢጨምር መስመሩ ስንት ሜትር ይሸሻል?
2. የዓባይን ሸለቆ ዳር በካርታ ማውጣት ከስምጥ ሸለቆው ዳር ለምን ይቀላል?
3. የተወለዳችሁበትን ቀበሌ በሦስቱም ደንቦች መዝኑት። መልሶቹ ተለያዩ? ከተለያዩ፣ ለተማሪዎቻችሁ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ለምን?