አጥቢያና ጉባኤ

ባለፈው እሑድ ከትምህርት በኋላ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳንቋጨው ተለያየን። ይኸውም በሐዋርያት ዘመን አንዲት አጥቢያ በራሷ ጉዳይ እስከ ምን ድረስ ትወስን ነበር? የሚል ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ቲቶን በቀርጤስ የተወው በየከተማው ቀሳውስትን እንዲሾም ነበር (ቲቶ 1፥5)። በዮሐንስ ራእይም ለሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት የተጻፈው ለእያንዳንዳቸው እንደየሁኔታቸው ነው። ይሁን እንጂ የግዝረት ክርክር በተነሣ ጊዜ አንጾኪያ ብቻዋን አልቈረጠችም፤ ወደ ኢየሩሳሌም መልእክተኞች ላከች (ሐዋ. 15)።

በአገራችን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ጳጳስ የሚመጣው ከእስክንድርያ፣ አብዛኛውን ጊዜም አንድ ብቻ ነበርና ክህነት የሚገኘው ከእርሱ ነው፤ ገዳማቱ ግን በየአበ ምኔታቸው ይተዳደሩ ነበር። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች ከእሑድ ጋር ቀዳሚት ሰንበትንም እናከብራለን በማለታቸው ከጳጳሱ ተለይተው፣ ክህነትም ሳይቀበሉ ብዙ ዘመን ኖሩ። የደብረ ቢዘኑ አቡነ ፊልጶስ እስከ መታሰር ደረሱ። በ1404 (እ.ኤ.አ.) ዐፄ ዳዊት አስፈቷቸው፤ እንደ ሥርዓታቸው እንዲያከብሩም ፈቀዱላቸው።

ክርክሩ ያበቃው ግን እዚሁ ጎረቤታችን ተጉለት፣ ደብረ ምጥማቅ ላይ ነው። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በ1450 (እ.ኤ.አ.) በሰበሰቡት ጉባኤ ጳጳሳቱ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል የቀዳሚት ሰንበትን መከበር ተቀበሉ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም በፋንታቸው ክህነትን ከጳጳሳቱ ተቀበሉ። ልብ በሉ፤ መነኮሳቱ የያዙትን አልለቀቁም፣ ከአንድነቱም አልቀሩም። ከሐዋርያት ጉባኤ ጋር የሚቀራረብ ሌላ ታሪክ በአገራችን አላገኘንም።

ይህን ስንነጋገር ከመካከላችን አንዱ «ንጉሡ ባይደግፉአቸውስ ኖሮ?» አለ። መልሱ ከደብረ ምጥማቅም ይልቅ ይቀርበናል። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ለንጉሥ አንሰግድም ብለው፣ ለእመቤታችንና ለመስቀልም አይሰግዱም ተብለው ተከሰሱ፤ በእኒሁ በዘርአ ያዕቆብ ፊት ቀርበውም ተፈረደባቸው። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው በድንጋይ ተወግረው ከሞቱ ከ38 ቀን በኋላ ከሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ስፍራውን ደብረ ብርሃን አሉት።

እኛ ስለ ከተማችን ስም ለእንግዳ ስንናገር ከብርሃኑ እንጀምራለን። ከዚያ በፊት ስላሉት 38 ቀናት የጠየቀን እንግዳ እስካሁን የለም፤ እኛም አንሥተን አናውቅም።