የድምፅ ማጉያ ሣጥን፤ ኮላውና መጋጠሚያው

እኛ የምንኖረው በሰበታ አካባቢ ነው። በእድራችን መልእክት የምናስተላልፈው በድምፅ ማጉያ ነው። ትልቁን ድምፅ ማጉያ ሁላችንም «ሞንታርቦ» እንለዋለን፤ ስሙ የመጣው ዕቃውን ከሚሠራ የኢጣሊያ ድርጅት ነው።

አንድ ጊዜ የእድራችን ሣጥን ተሰበረ። «ራሳችን እንሠራዋለን» ብለን በሰኔ ከጓሯችን ባሕር ዛፍ ቆረጥን። እርጥቡን ጣውላ ወዲያው በምስማር መታነው። ክረምቱን ደህና ከረመ። በጥር ፀሐይ ሲበረታ ምን ሆነ መሰላችሁ? ጣውላው ጠመመ፤ መጋጠሚያው ተከፈተ፤ ሣጥኑ እንደ ቆርቆሮ ይንጫጫ ጀመር። ከኋላ የተቀመጡ አባቶችና እናቶች የቀብሩን ሰዓት እንኳ መስማት አቃታቸው። «እስፒከሩ ተቃጥሏል፤ አዋጥተን ሌላ እንግዛ» ተባለ።

አንድ ሽማግሌ አናጢ ግን ሣጥኑን ዳሰው፣ «ልጆቼ፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። የታመመው ሣጥኑ ነው» አሉን። እውነታቸውን ነበር። ከእሳቸው የተማርነው እነሆ።

ሣጥን ለምን ያስፈልጋል?

የእስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይርገበገባል። በፊቱ አየር ሲገፋ በጀርባው ይስባል። ሣጥን ከሌለ የተገፋው አየር ዞሮ ወደ ጀርባው ይገባል። ያን ጊዜ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ቀጭኑ ብቻ ይቀራል። ዝግ ሣጥን የፊቱን አየር ከጀርባው ይለያል። ስለዚህ መጋጠሚያው አየር ካስወጣ ድምፁ ይበላሻል።

ምን ዓይነት እንጨት?

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው። ዛሬ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሞልቷል። ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ይጠቅማል። ሲደርቅ ግን ይኮማተራል፤ ይጠማል፤ ይሰነጠቃል። ለሣጥን የደረቀ ዋንዛ ወይም ኮምፔርሳቶ ይሻላል። 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው እርጥብ ጣውላ፣ በጥላ ሥር አየር እያገኘው ለመድረቅ አንድ ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

የትኛው ኮላ?

ለመጋጠሚያ የአናጢ ነጭ ኮላ እንጠቀም። ይኼ ኮላ ወደ እንጨቱ ቀዳዳዎች ይገባና ውኃው ሲወጣ ይጠነክራል። በመጀመሪያ አቧራውን፣ ቅባቱንና ቀለሙን እናጥራ። ቀጥሎ ሁለቱንም ፊት በስሱ እንቀባ። ከዚያም በሞርሳ እናጥብቅ። ሞርሳ ከሌለ ገመድና ሽብልቅ ይበቃል። ቢያንስ አንድ ሰዓት አንነካካው፤ 24 ሰዓት ሳይሞላም ሥራ ላይ አናውለው። ብርድ ማድረቁን ስለሚያዘገይ እኩለ ቀን ላይ መሥራት ይመረጣል። ነጭ ኮላ በውኃ ይላላል፤ ስለዚህ ሣጥኑን ዝናብ አናስመታው።

ማስቲሽስ? ማስቲሽ ለጨርቅና ለቆዳ ማልበሻ ጥሩ ነው። ከደረቀ በኋላም እንደ ጎማ ስለሚለመጥ ክብደት የሚሸከም መጋጠሚያ አይሠራበትም። ሽታው ጤና ይጎዳል፤ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል። ከምድጃና ከልጆች ርቀን ደጅ እንሥራ።

እንዴት ይጋጠም?

የጣውላ ጫፍ እንደ ታሰረ ጭድ ነው፤ ኮላውን ይመጠዋል እንጂ አጥብቆ አይይዝም። የሚይዘው ጎኑ ነው። ስለዚህ ጫፍን ከጎን ጋር ዝም ብሎ ማጣበቅ ደካማ ነው። ሦስት የተሻሉ መንገዶች አሉ፦

1. የጣውላውን ጠርዝ በደረጃ መልክ ቆርጦ ሌላውን ጣውላ እዚያ ላይ ማስቀመጥ።

2. ጣቶቻችንን እንደምናቆላልፍ የሁለቱን ጣውላዎች ጫፍ በመጋዝና በመሮ ቆርጦ ማቆላለፍ። ይኼ ከሁሉ ይጠነክራል።

3. መሣሪያ ለሌለን ደግሞ፣ በማዕዘኑ ውስጥ ከላይ እስከ ታች አራት ማዕዘን ዘንግ በኮላ ማጣበቅ። ለኮምፔርሳቶ ይኼ ይስማማዋል።

ምስማር ኮላው እስኪደርቅ ይረዳናል እንጂ ብቻውን ሣጥን አያቆምም። የጀርባውን ክዳን ግን በኮላ አንዝጋ። ለጥገና እንዲከፈት ዙሪያውን ስስ ላስቲክ አድርገን በብሎን እንሰር።

በመጨረሻ እንፈትሽ

ማታ፣ እስፒከሩ ሳይገባ፣ የእጅ ባትሪ አብርተን ሣጥኑ ውስጥ እናስቀምጥ። የእስፒከሩን ቀዳዳ በወፍራም ጨርቅ እንሸፍን። ብርሃን ከወጣ አየርም ይወጣል። ቀጭን ሽንቁር ከሆነ ሰጋቱራ በኮላ ለውሰን እንድፈነው። መጋጠሚያው ከላላ ግን መድፈን አይበቃም፤ ፈትቶ እንደገና መሥራት ነው።

እኛም ሁለተኛውን ሣጥን እንዲህ ሠራን። ዛሬ በእድራችን የሚናገረው ያው «ተቃጥሏል» የተባለው አሮጌ እስፒከር ነው። ከኋላ የተቀመጡትም ይሰሙታል።

ጥያቄዎች

1. የመጀመሪያው ሣጥን በጥር የተከፈተው ለምንድን ነው?
2. የጣውላ ጫፍ ኮላ አጥብቆ የማይይዘው ለምንድን ነው?
3. በቤታችሁ ካሉት የእንጨት ዕቃዎች አንዱን ተመልከቱ። መጋጠሚያው እንዴት ተሠርቷል?