ለብቻሽ ዓለምን ልትዞሪ ለተነሳሽው ልጄ

ልጄ፣ ገንዘብ ቆጥበሽ፣ ከመሥሪያ ቤትሽ ፈቃድ ወስደሽ፣ አንድ የጀርባ ቦርሳ አዝለሽ ለብቻሽ አገር ላገር ልትዞሪ መቁረጥሽን እናትሽ ነገረችኝ። የነገረችኝ እንድከለክልሽ ነበር። አልከለክልሽም። እኔ አክስትሽም በወጣትነቴ ለትምህርት ሕንድ በቆየሁበት ጊዜ ያንን ሰፊ አገር በባቡር ለብቻዬ ዞሬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን እዚሁ ነቀምቴ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖርኩ። ምክሬን በቁጥር የከፋፈልኩት መንገድ ላይ ስትሆኚ የሚያስፈልግሽን ቶሎ እንድታገኚው ነው።

1. ጉዞሽን ከቦሌ አትጀምሪ፤ ከዚሁ ጀምሪ። የትም ብትሄጂ ሰው «ከየት ነሽ?» ይልሻል። «ከኢትዮጵያ» ስትይው ደግሞ ከየትኛው በኩል፣ ምን ይበቅላል፣ ማን ገዝቶት ያውቃል እያለ ይቀጥላል። አንቺ ነቀምቴ ተወልደሽ የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት አጥሩን ብቻ እያየሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ። ግቢና እይው። ሞሮዳ በከሬ ለምኒልክ በሰላም ገብሮ የሌቃን አስተዳደር በቤቱ እንዴት እንዳቆየ፣ ልጁ ኩምሳ እንዴት ገብረ እግዚአብሔር ተብሎ ደጃዝማች እንደሆነ ጠይቂ። ከዚያ ዴዴሳን ተሻግረሽ ጊምቢን፣ ነጆን፣ ደምቢ ዶሎን እይ። የድሮ ሰው ከወለጋ ወደ ዓለም የሚወጣው በአዲስ አበባ ብቻ አልነበረም። የደምቢ ዶሎ አካባቢ፣ የሳዮ ቡና ወደ ጋምቤላ ይወርድና ባሮ በሚሞላበት ክረምት በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ካርቱም ይገባ ነበር።

መንገዱ ባለፉት ዓመታት እንደ ልብ የሚሄዱበት እንዳልነበረ፣ ስንት ቤት ሐዘን እንደተቀመጠ አንቺም ታውቂያለሽ። ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት መናኸሪያ ወርደሽ ትናንት ከዚያ የመጣ ሾፌር ፈልጊና ጠይቂ። «ይቅርብሽ» ካለሽ ቅሪ። ይህን ልማድ በየአገሩ ይዘሽው ዙሪ።

2. ኦኔሲሞስ ነሲብን በየገባሽበት አገር አስታውሺው። ኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ሲወለድ ስሙ ሂካ ነበር። በልጅነቱ ከቤተሰቡ ተነጥቆ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ አውሮፓዊ ነፃ አወጣው፤ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ ስዊድን ተሻግሮም ተማረ። በ1881 ወደ ምጽዋ ተመልሶ በሱዳን በኩል ወደ አገሩ ሊገባ ተነሳ። አሶሳ አካባቢ ደርሶ ነበር። ካርታ አውጪና ከአሶሳ እስከ ነቀምቴ ያለውን ርቀት በጣትሽ ለኪው፤ ያን ያህል ቀርቦ ነው መንገዱ ተዘግቶበት በትኩሳት እየነደደ ወደ ካርቱም የተመለሰው። ወደ እምኩሉ ሄዶ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዘ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው በ1899 ታተመ። ወለጋ የገባው በ1904 ነው፤ ነፃ ከወጣ ከ34 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እሱ መንገዱን አልመረጠውም፤ አንቺ መርጠሻል። ወጣቶች ስለ ጉዞ ሲያወሩ ይህን ልዩነት ሲዘነጉት ያመኛል። መውጣት የቻልሽው ማንም ሳይነጥቅሽ ነው፤ የመመለሻውን ቀን የምትቆርጪውም አንቺው ነሽ። በዚህ ላይ ተመስገን በዪና ሂጂ።

3. ከሁሉ የሚከብድሽ የኢሚግሬሽን መስኮት ነው። የፈረንጅ ልጅ ቦርሳ አዝላ ስትቆም ቱሪስት ትባላለች፤ አንቺ በዚያው ዓይነት ቦርሳ ስትቆሚ ልትቀሪ የመጣሽ ትመስያቸዋለሽ። ምክንያቱ አይጠፋሽም። በመተማ ወደ ሱዳንና ሊቢያ፣ በጅቡቲ ባሕር ተሻግረው ወደ የመን፣ በሞያሌ ወደ ደቡብ አፍሪካ የወጡ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። መኮንኑ አንቺን ሲያይ የሚያየው እነሱን ነው። በዚህ ተናደሽ «እኔ እንደነሱ አይደለሁም» ብለሽ አትናገሪ። በነሱ አታፍሪ፤ ወንድሞችሽና እህቶችሽ ናቸው፤ ቢሞላላቸው ኖሮ እነሱም የመመለሻ ቲኬት ይዘው በዚያ መስኮት በተሰለፉ ነበር።

ይልቅ ወረቀትሽን አሟይ። የመመለሻ ቲኬት፣ የባንክ መግለጫ፣ ከመሥሪያ ቤትሽ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የምታርፊበት ቤት አድራሻ፣ ሁሉም በወረቀት ታትሞ በእጅሽ ይሁን፤ ስልክ ባትሪው ያልቃል። ለተጠየቅሽው ብቻ መልሺ። ቀልድ አትጨምሪ፤ ድምፅሽንም ከፍ አታድርጊ። ቢመልሱሽ ደግሞ ተመለሽና ሌላ አገር ሂጂ፤ ክብርሽ በማኅተም አይለካም።

አጀማመርሽንም አስቢበት። ሩዋንዳ፣ ቤኒን፣ ጋምቢያና ሲሼልስ ለአፍሪካዊ ሁሉ ያለ ቪዛ በራቸውን ከፍተዋል። ኬንያም ብትሆን ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም፤ ሞያሌ ላይ ድንበሩን በእግርሽ ትሻገሪያለሽ። አውሮፓን ለመጨረሻ አቆይው። አፍሪካን ሳያዩ ዓለምን አየሁ ማለትንም እኔ አልወደውም። በማንኛውም አገር ግን «ፓስፖርትሽን እኔ ላስቀምጥልሽ» ለሚል ሰው፣ ዘመድም ይሁን የአገር ልጅ፣ እንዳትሰጪ።

4. የቢጫ ወባ ክትባት ቀደም ብለሽ ተከተቢ። ቢጫ ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተብሽ 10 ቀን በኋላ ነው፤ አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከፓስፖርትሽ ጋር እሰሪው።

5. እናትሽ ጩኮ ልታዘጋጅልሽ ገብስ አስፈጭታለች። «ሻንጣ ይከብደኛል» ብለሽ እንዳታስቀይሚያት። በተነጠረ ቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ሳይበላሽ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ምግብ ቤት በተዘጋበት ሌሊት ሁለት ጉርሻ ያሳድርሻል። ለሰው የምታቀምሺውም አታጪም፤ ባዶ እጅ እንግዳ መሆን ለኛ ሰው ይከብዳል። እንደ አውስትራሊያ ያሉ አገሮች ግን ቅቤ የገባበትን ምግብ አጥብቀው ይፈትሻሉ፤ እዚያ ከመድረስሽ በፊት ጨርሺው፣ ከተረፈም ሳትደብቂ ቅጹ ላይ ሙይው።

6. ሰው ምረጪ። ሕንድ ሳለሁ ከፑኔ ወደ ቫራናሲ በባቡር ስሄድ ፊት ለፊቴ ሁለት ልጆች የያዘች እናት ተቀምጣ ነበር። ሲመሽ የብረት ሳህኗን ከፈተች፤ ፑሪ የሚሉት ቂጣና በእርድ ቢጫ የሆነ ድንች ነበረበት። እኔን እያየች መብላት ከበዳት መሰለኝ፣ ከልጆቿ ድርሻ ላይ አንስታ በጋዜጣ ቁራጭ አድርጋ ሰጠችኝ። የጋራ ቋንቋ አልነበረንም። ለመተኛት ወደ ላይኛው አልጋ ልወጣ ስል እጄን ይዛ ከለከለችኝና ከራሷ በላይ ያለውን መካከለኛውን አልጋ ዘረጋችልኝ። ሌሊት ነቅቼ ሳይ በመተላለፊያው የሚመላለሱ ወንዶች በዝተዋል፤ እሷ ቁጭ ብላለች፤ ነጠላዬንም እግሬ ላይ ጎትታ አልብሳኛለች። ጠዋት በየጣቢያችን ወረድን። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

«ለብቻዬ ዞርኩ» ስል እንዲህ ያሉ ሰዎች ትዝ ይሉኛል። አንቺም በአውቶቡስም በባቡርም ልጅ የያዘች እናት አጠገብ ተቀመጪ። አዲስ ከተማ ሳይመሽ ግቢ። ገንዘብሽን ሁለት ቦታ ከፍለሽ ያዢ። ይሉኝታ ደግሞ በዚህ ጉዞ አያዋጣሽም፤ እኛን ሴቶችን «ሰው ምን ይለኛል» እያሉ ነው ያሳደጉን። አንድ ወንድ «ላድርስሽ» ብሎ ሲከተልሽ ልብሽ ካልፈቀደ «አይሆንም» በዪና ሰው ወዳለበት ሂጂ። ይቀየመኛል ብለሽ አትጨነቂ።

7. ለቤት የምትደውዪበትን ቀን ቁረጪ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አትርሺ። እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ በማን በኩል እንደምትፈላለጉ ከወዲሁ ተነጋገሩ፤ አንድ አዲስ አበባ፣ አንድ ከአገር ውጭ ያለ ሰው ቁጥሩን ይያዝ። የምታስቢው ስለ ራስሽ ደኅንነት ብቻ አይሁን። እናትሽ ስልክሽ ሳይጮህ ያለፈባትን እሑድ እንዴት እንደምታሳልፈው እኔ ነኝ አጠገቧ የምሆነው።

8. ጻፊ፤ ግን ስለ ስሜትሽ ብቻ አትጻፊ። ሰዎች የነገሩሽን ጻፊ፤ ምን እንደሚበሉ፣ ሙሽራ እንዴት እንደሚሸኙ፣ ሙታቸውን እንዴት እንደሚቀብሩ፣ ለልጅ ምን ተረት እንደሚነግሩ። አስቴር ጋኖን አስቢ። ተሽጣ ባሕር ስትሻገር እ.ኤ.አ. በ1886 ኢጣሊያኖች ከመርከብ ላይ አስጣሏት፤ እሷም እምኩሉ ገብታ ተማረች። ከቤቷ ስትወሰድ በእጇ ምንም አልነበረም። እሷ ናት ግን 500 ያህል የኦሮሞ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ጽፋ ያቆየችልን፤ ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ገብተዋል። ለኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ የደከመችውም ድካም ቀላል አልነበረም፤ ስሟ ከኦኔሲሞስ ስም ኋላ መቅረቱ ዛሬም ይቆጨኛል። በ1904 ተመልሳ እዚህ አስተማረች፤ በ1964 እዚሁ ነቀምቴ አረፈች። ጉዞሽን የምትጽፊበት ደብተር ወፍራም ይሁን።

9. ስትመለሺ ለሚጠብቅሽ ተዘጋጂ። «ደርሰሽ ተመለስሽ? ምነው እዚያው ብትቀሪ?» የሚሉሽ ጎረቤቶች ይኖራሉ፤ የሚሉሽም ወደውሽ ነው። መመለስ እንደ ውድቀት የሚታይበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ኦኔሲሞስም ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ሲመለስ እልልታ ብቻ አልጠበቀውም። በ1906 ተከሶ አዲስ አበባ ተጠራ፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ከአገር እንዲወጣ ፈረዱበት፤ ምኒልክ ግን እንዳይሰብክ ከልክለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱለት። ስብከቱ ቢከለከልም አገሩን ጥሎ አልሄደም። በ1931 እዚሁ እስኪሞት ድረስ ከዚህ ሰው መካከል አልወጣም።

ለጎረቤቶቹ መልስ ለመስጠት አትቸኩዪ። መጀመሪያ አንቺ ጠይቂያቸው፤ በሌለሽበት ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ ማን ተፈናቀለ። ለቅሶ ያልደረስሽበት ቤት ሂጂ። ከዚያ ደብተርሽን ይዘሽ ወደ ድሮ ትምህርት ቤቴ ነይ። እዚያ ያሉ ልጆች ስለ ውጭ አገር የሚሰሙት ከደላላ ወይም ከስልክ ነው፤ ሄዶ አይቶ የተመለሰ ሰው በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ካርታውን እኔ እሰቅልልሻለሁ። ስለ ቪዛው፣ ስለ መስኮቱ፣ ስላስፈራሽና ስላበላሽ ሰው ሳትደብቂ ንገሪያቸው፤ ጥያቄያቸው እስኪያልቅም አትነሺ። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ሰኔ ላይ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ድረሺ።