ከአየር በሚነሳ የማሳ ፎቶግራፍ ላይ የፀሐይን ነጸብራቅ ስለ መቀነስ

(ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለማሳ ሙከራ ረዳቶች የተዘጋጀ)

መግቢያ

በሐብሩ ወረዳ በግራና ሸለቆ ማሽላና ጤፍ በዝናብ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ደግሞ በመስኖ ይመረታሉ። ከሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ግራና-1 የተባለው የማሽላ ዝርያም የዚህኑ ቦታ ስም ይዟል። በዚህ ሸለቆ የማሽላ ዋና ጠላት ከሆኑት አንዱ አቀንጭራ ነው። አንድ የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዘር ይበትናል። ዘሩም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለሆነም አበባው እንደታየ፣ ዘር ሳይዝ መነቀል አለበት።

ፎቶግራፍ የሚያነሳ ድሮን በሰፊ ማሳ ውስጥ አቀንጭራ የበዛበትን ቦታ ቶሎ ለማግኘት ይረዳል። ይሁን እንጂ ፎቶግራፉ በፀሐይ ነጸብራቅ ከነጣ ሐምራዊው አበባ ከማሽላው ቅጠል ተለይቶ አይታይም። ሠራተኛውም «ማሳው ንጹሕ ነው» ብሎ ይመለሳል፤ ገበሬው ግን ለሚቀጥሉት ዓመታት ዕዳውን ይሸከማል። ይህች አነስተኛ ጽሑፍ ነጸብራቁ ከየት እንደሚመጣ፣ የሌንስ ማጣሪያ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ታስረዳለች።

1. ነጸብራቅ ከየት ይመጣል?

የማሽላ ቅጠል በላዩ ሰም መሰል ሽፋን አለው። የፀሐይ ብርሃን በዚህ ሽፋን ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ወደ ቅጠሉ ሳይገባ ይመለሳል። የቅጠሉን አረንጓዴነት ወይም ብጫነት የሚያሳየን ወደ ውስጥ ገብቶ የወጣው ብርሃን ነው። ከላይ የተመለሰው ግን የፀሐይን ነጭነት ብቻ ይዞ ይመጣል። በቦይ ውስጥ ያለ ውሃ፣ የፕላስቲክ ሽፋንና የቤት ቆርቆሮም እንዲሁ ያንጸባርቃሉ።

ከውሃ፣ ከቅጠልና ከፕላስቲክ ላይ በሰያፍ የሚመለስ ብርሃን አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ሞገዱ በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ መሆኑ ነው። ማጣሪያ ሊይዘው የሚችለው በዚህ ጠባዩ ነው። ከቆርቆሮ የሚመለሰው ብርሃን ግን ይህ ጠባይ እምብዛም ስለሌለው በማጣሪያ አይጠፋም።

2. የማጣሪያ ዓይነቶች

ሀ/ ፖላራይዘር፦ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን አሳልፎ ሌላውን ያግዳል። ነጸብራቅን የሚቀንሰው ይህ ነው።

ለ/ ግራጫ ማጣሪያ (ኤን.ዲ.)፦ ሁሉንም ብርሃን እኩል ይቀንሳል። ለተንቀሳቃሽ ሥዕል ይጠቅማል እንጂ ነጸብራቅን ከቅጠሉ አይለይም፤ ሁለቱንም አብሮ ያጨልማል።

ብዙ ሰዎች ፀሐይ ስትበረታ ግራጫውን ያጠልቃሉ። ይህ ለማሳ ፎቶግራፍ ጉዳት አለው። ለምሳሌ ድሮኑ በሰከንድ 5 ሜትር ሲበር ሸተሩ ለ1/1000 ሰከንድ ቢከፈት፣ ድሮኑ በዚያ ጊዜ የሚጓዘው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ብርሃኑን ወደ አንድ ስምንተኛ የሚቀንስ ግራጫ ማጣሪያ ሲደረግ ግን ሸተሩ እስከ 1/125 ሰከንድ ስለሚቆይ ጉዞው 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ትንሽ አበባ በዚህ መጠን ከተጎተተች ትደበዝዛለች። ፖላራይዘርም ብርሃንን ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ስለሚቀንስ ድሮኑን ቀስ አድርጎ ማብረር ይገባል።

3. ማጣሪያውን በሳፋ ውሃ ስለ መፈተን

(1) ሳፋ ውሃ ሞልተው በፀሐይ ላይ ያስቀምጡ።
(2) ማጣሪያውን ከዓይንዎ ፊት ይያዙ። የውጭ ፊቱ ወደ ውሃው ይሁን። ፀሐይን በቀጥታ አይመልከቱ።
(3) ውሃውን በሰያፍ እያዩ ማጣሪያውን ቀስ ብለው ያዙሩ። የውሃው ብልጭታ እየበዛና እያነሰ ከሄደ ፖላራይዘር ነው። ምንም ካልተለወጠ ግራጫ ማጣሪያ ነው።
(4) ብልጭታው ከሁሉ ባነሰበት ላይ ያቁሙና በጠርዙ አናት ላይ ነጥብ ያድርጉ። በካሜራው ላይ ሲያጠልቁት ነጥቡ ወደ ላይ ይሁን።

4. ሰዓት ከማጣሪያ ይቀድማል

የውሃ ነጸብራቅ በፖላራይዘር ከሞላ ጎደል የሚጠፋው ካሜራው ከአድማስ ወደ ታች 37 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ሲያይ ነው። በቀጥታ ወደ ታች ለሚያይ ካሜራ በቀትር ጊዜ ማጣሪያው ብዙም አይረዳም።

ምክንያቱም ቀላል ነው። በግራና ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ እንኳ በቀትር 55 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ደግሞ ከአናት በላይ ትቆማለች። የብዙ ትናንሽ ድሮኖች ሌንስ ከጥግ እስከ ጥግ 84 ዲግሪ ያህል ያያል። ስለዚህ ፀሐይ ከ48 ዲግሪ በላይ ከሆነች የውሃው ብልጭታ በሥዕሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ለበረራ የሚመረጠው ፀሐይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለችበት ጊዜ ነው። ይኸውም በግራና፦

— አቀንጭራ በሚያብብበት በመስከረምና በጥቅምት፣ ጧት ከ2፡20 እስከ 3፡30 ገደማ፤ ከሰዓት በኋላ ከ9፡00 እስከ 10፡00 ገደማ፤
— በታኅሣሥ የመስኖ ወቅት፣ ጧት ከ3፡00 እስከ 4፡20 ገደማ ነው።

ጤዛ ራሱ ያብለጨልጫልና እስኪደርቅ ይጠብቁ።

5. የበረራ አሠራር

— ለዚያው ድሮን ዓይነት የተሠራ ማጣሪያ ብቻ ይጠቀሙ። ከባድ ማጣሪያ የካሜራውን ማመጣጠኛ ሞተር ያስጨንቃል።
— ማጣሪያውን የሚያጠልቁት ድሮኑ ከመብራቱ በፊት ነው። አቧራውን በንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ።
— ካሜራው ቀጥታ ወደ ታች ሲያይ የበረራው መስመሮች ትይዩ ይሁኑ። ድሮኑ በማሳው ላይ ወደ ጎን ከዞረ የማጣሪያው አቅጣጫ ይበላሻል፤ ሄዶ በዚያው መስመር ቢመለስ ግን ጉዳት የለውም።
— ውሃ በትልሙ የት እንደደረሰ ለማወቅ ሲፈልጉ አንዱን ፎቶግራፍ ያለማጣሪያ፣ ሌላውን በማጣሪያ ያንሱ። ፖላራይዘሩ ስስ ውሃን እርጥብ አፈር ሊያስመስል ይችላል። በአንዱ ላይ አብለጭልጮ በሌላው ላይ የጨለመው ቦታ ውሃ የተኛበት ነው።
— የተክልን ጤንነት በልዩ ልዩ የብርሃን ቀለም በሚለካ ካሜራ ላይ ከፋብሪካው ጋር ያልመጣ ማጣሪያ ፈጽሞ አይጨምሩ፤ ልኬቱ ይዛባል።

6. ጥንቃቄ

ድሮን ያለ ሕጋዊ ፈቃድ አይነሳም። ከዚህም ሌላ ሰሜን ወሎ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈበት አገር ነው። ከሰማይ የሚሰማ የሞተር ድምፅ ሕፃንና አዛውንትን ሊያስደነግጥ ይችላል። ስለዚህ ቀደም ብለው ለቀበሌው አስተዳደርና ለማሳው ባለቤቶች ያስታውቁ፤ መሣሪያውን አሳይተው ሥራውን ያስረዱ። ጸጥታው የማይፈቅድ ከሆነ ሥራውን በእግር ይሥሩት።

ማጠቃለያ

ፖላራይዘር መልካም ረዳት ነው፤ ያለ ሰዓቱ የተነሳን ፎቶግራፍ ግን አያድንም። መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ቀጥሎ የካሜራውን አቅጣጫ፣ በመጨረሻም ማጣሪያውን ይምረጡ። አቀንጭራ ከመሬት ሳይወጣም የማሽላውን ሥር ይጎዳል። ስለዚህ ፎቶግራፉ ንጹሕ ቢመስልም ከገበሬው ጋር ወደ ማሳው ገብተው በዓይንዎ ያረጋግጡ።

የመከለሻ ጥያቄዎች

1. ግራጫ ማጣሪያ ነጸብራቅን የማይቀንሰው ለምንድን ነው?
2. በግራና በቀትር ፎቶግራፍ ማንሳት የማይመከረው ለምንድን ነው?
3. ፖላራይዘርን ከግራጫ ማጣሪያ በሳፋ ውሃ እንዴት ይለያሉ?