በመካከላችን ያለው የማያምን ተማሪ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዚህ ዕትም ልናነሣው የፈለግነው በሹክሹክታ እንጂ በጉባኤ የማይነገር ጉዳይ ነው። በክርስቲያን ትምህርት ቤት የሚማር፥ የጠዋቱን ጸሎት ከጓደኞቹ ጋር አብሮ የሚደግም፥ በልቡ ግን የማያምን ተማሪ እንዴት ሊያዝ ይገባል? በእኛ በሲኤምሲና በአካባቢው ልጆቻቸው ጨዋ ሆነው እንዲያድጉላቸው ብለው ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት የሚመርጡ ወላጆች አሉ፤ ስለዚህ ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም። ይህ ተማሪ አይረብሽም፥ አይከራከርም፥ በግብረ ገብ ፈተናም ጥሩ ውጤት ያገኛል። ስለማይረብሽም ማንም አያስተውለውም።

አንዳንዶች ይህን ያመጣው ስልክ ነው ይላሉ። ነገሩ ግን ከስልክ እጅግ የቀደመ ነው።

«ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» የተባለው የግእዝ መጽሐፍ የሚተርከው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት ስለ ነበረ አንድ የአክሱም መምህር ነው። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ሕዝቡንም ባስገደዱ ጊዜ ይህ መምህር ተከሶ ሸሸ፤ ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀምጦም የሃይማኖቶችን ትምህርት ሁሉ በልቡናው መረመረ። ፈጣሪ መኖሩን አልካደም፤ ጾምንና ምንኩስናን፥ ከሙሴ ሕግም ብዙውን ግን አልተቀበለም። ኋላ ወደ እንፍራዝ ሄዶ በአንድ ባለጸጋ ቤት መጻሕፍት እየጻፈና ልጆች እያስተማረ ኖረ። ሰዎቹ እንደ እነርሱ ክርስቲያን መሰላቸው፤ እርሱም እንደ መሰላቸው ተዋቸው።

እርግጥ ነው፥ መጽሐፉን የጻፈው ራሱ ዘርዐ ያዕቆብ ነው ወይስ በ1840ዎቹ ዓ.ም. ቅጂውን ወደ ውጭ የላከው ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚለው የሊቃውንት ክርክር ገና አልተቋጨም። ለእኛ ጉዳይ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ሐበሻው መምህር ከሆነ በምእመናን መካከል የተሸሸገ ሰው ነው፤ ሚስዮናዊው ከሆነ ደግሞ፥ ይባስ ብሎ፥ በመነኩሴ ቀሚስ ውስጥ የተሸሸገ ሰው ነው።

ልብ ልንለው የሚገባን ያንን ዝምታ ያመጣው ምን እንደ ሆነ ነው። ንጉሡ በአዋጅ የሰውን አንደበት መለሱ፤ ልቡን ግን አላገኙትም። በመጨረሻም ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. የሕዝቡን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ ካህናት ከአገር አስወጡ።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከካናዳ ኢየሱሳውያንን አስመጥተው አስቀድሞ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን፥ ቀጥሎም በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንዲመሩ አደረጉ። ነገር ግን የክህነት ልብስ እንዳይለብሱ፥ ተማሪውንም ወደ ካቶሊክ እንዳይስቡ ከለከሏቸው። ስለዚህ እነ ዶክተር ሉሲየን ማት እንደ ማንኛውም መምህር ለብሰው አስተማሩ። ከእነርሱ አንዱ የነበሩት ክሎድ ሰምነር ደግሞ ረጅም ዕድሜያቸውን በአዲስ አበባ ፍልስፍና ሲያስተምሩ ኖረው ያንኑ ሐተታ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎሙ፤ የኢትዮጵያዊው ነው ብለውም ተከራከሩለት። ካህን ሆነው የተጠራጣሪን መጽሐፍ ለተማሪ መስጠታቸው ክህነታቸውን ሲቀንሰው አላየንም።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በደርግ ዘመን በዩኒቨርሲቲ የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ትምህርት ግዴታ ሲሆን፥ ዝም ብሎ የሚቀመጠው አማኙ ተማሪ ሆነ። ፈተናውን እንደ መምህሩ ፈቃድ መልሶ፥ ማታ በመኝታው ውዳሴ ማርያም ይደግም ነበር። ያ ትውልድ በፈተና ውጤት ከሃዲ ካልሆነ፥ የዛሬው ልጅስ በግብረ ገብ ውጤት አማኝ ይሆናል ብለን ለምን እንጠብቃለን? ከታላላቆቻችን መካከል ይህን የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም ልጃቸው ጥያቄ ሲጠይቅ ቶሎ የሚቆጡት አንዳንድ ጊዜ እነርሱ ናቸው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ በዚያው አንቀጽ በእምነት ነገር ሰውን ማስገደድን ይከለክላል። ሁለቱን በአንድ ቤት ማስማማት ግን የሕግ ሥራ ሳይሆን የእኛ ሥራ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ከትንሣኤ በኋላ ያለውን ማክሰኞ በቶማስ ስም ታስባለች። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 እንደምናነበው ቶማስ ካላየሁ፥ ካልዳሰስሁ አላምንም ያለው በአደባባይ ሳይሆን በወንድሞቹ ፊት ነው። ከስምንት ቀን በኋላም ከእነርሱ ጋር በዚያው ቤት ነበረ። ስብከት ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ስለ ጣቱ ይነገራል፤ ስለ ስምንቱ ቀን ግን እምብዛም አይነገርም። በእነዚያ ቀናት ደቀ መዛሙርቱ አላባረሩትም፤ እርሱም አምኛለሁ ብሎ አልዋሸም።

እኛን የሚያሳስበን እንግዲህ ይህ ነው። የእኛ ልጅ ስምንቱን ቀን የሚያሳልፍበት ቦታ ካጣ ይዋሻል። ውሸቱም በጠዋት ጸሎት አያበቃም፤ እናቱን ላለማሳዘን፥ ጓደኞቹም እንዳይጠቋቆሙበት ሳያምን ወደ ሥጋ ወደሙ ይቀርባል። ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱን ሳይመረምር ስለሚቀርብ ሰው የጻፈውን የምናውቅ፥ ልጁን ወደዚያ የሚገፋውን ግፊት ቀላል አድርገን ልናይ አንችልም። ዛሬ አይሁንልኝ ብሎ ወደ ኋላ የቀረ ወጣት ካለ ለምን ቀረህ ተብሎ በሰው ፊት መጠየቅ የለበትም። ጉዳዩ የእርሱና የንስሐ አባቱ ነው፤ የንስሐ አባት ከሌለው ደግሞ ጊዜ ያስፈልገዋል።

ለክፍል አስተማሪዎቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ከመርሐ ግብሩ መጨረሻ ሃያ ደቂቃ ለጥያቄ ይተው፤ ጥያቄውም ስም ሳይጻፍበት በወረቀት ይሰብሰብ። «እግዚአብሔር መኖሩን በምን እናውቃለን?» የሚል ቢመጣ እንደ ስድብ አይቆጠር። አስተማሪው መልሱን ካላወቀ «ሊቃውንቱን ጠይቄ በሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ» ይበል፤ ደግሞም ይምጣ። ጸሎት የሚመራውም ፈቃደኛ የሆነ ብቻ ይሁን፥ በተራ አይታዘዝ። ወረቀቱን ማን እንደ ጻፈው በእጅ ጽሑፉ ለመለየት የሚሞክር አስተማሪ ካለ ግን፥ ከዚያ እሑድ በኋላ የሚሰበሰበው ወረቀት ባዶ ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።