የንዑስ መትረየስ አመጣጥ፦ ክብደት በመቆለፊያ ፈንታ

ስለ ንዑስ መትረየስ ታሪክ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠነጥነው የመጀመሪያው የትኛው ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። መልሱ ግን መለኪያው ጥይቱ ነው ወይስ የአያያዙ ስልት በሚለው ይወሰናል።

ጥይቱን መለኪያ ያደረገ ተመራማሪ ወደ ጣሊያን ያመራል። እ.ኤ.አ. በ1915 አገልግሎት ላይ የዋለውና ሬቬሊ የነደፈው ቪላር ፔሮሳ የሽጉጥ ጥይት በተከታታይ የሚተኩስ፣ ሁለት በርሜሎች ጎን ለጎን የተጣመሩበት፣ መጀመሪያ ለአውሮፕላን የታሰበ መሣሪያ ነበር። እያንዳንዱ በርሜል በደቂቃ ከ1,000 በላይ ጥይት የመተኮስ ፍጥነት ስለነበረው 25 ጥይት የሚይዘው ካዝና ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ባዶ ይቀር ነበር። ሰደፍም አልነበረውም፤ እግረኛው ጦር በመቆሚያ ወይም በብረት ጋሻ ላይ አሳርፎ እንደ ትንሽ መትረየስ ተገለገለበት። የሽጉጥ ጥይት መተኮሱ ብቻውን ንዑስ መትረየስ አላደረገውም።

አንድ ወታደር በትከሻው ደግፎ እየተራመደ የሚተኩሰው መሣሪያ መልኩን ያገኘው በ1918፣ ሁጎ ሽማይሰር በበርግማን ፋብሪካ በነደፈው የጀርመን ኤም ፒ 18 ነው። ጀርመኖች ጠባብ ምሽግ ውስጥ ሰብረው ለሚገቡ ወታደሮቻቸው ረጅሙ ባለ 5 ጥይት ጠመንጃ እንደማይመች ተረድተው ነበር። ሽማይሰር ለሽጉጥ የተሠራውን ባለ 32 ጥይት ክብ ካዝና ተዋሰ። ከዚህ የሚበልጠው ግን መቆለፊያውን ማስቀረቱ ነው። የጠመንጃ ጥይት ግፊት ከፍተኛ በመሆኑ እርሳሱ ከበርሜሉ እስኪወጣ ድረስ መዝጊያው ተቆልፎ መቆየት አለበት፤ በደካማው የሽጉጥ ጥይት ግን የመዝጊያው ክብደትና የሞላው ኃይል መዝጊያው ወደኋላ እንዳይፈጥን ለማዘግየት ይበቃሉ። ይህ ቅለት ዋጋ አስከፍሏል። ቃታው ሲሳብ ከባዱ ብረት ወደፊት እየተወረወረ ዒላማን ያናውጣል፤ ካዝናው የገባለት መሣሪያ በሰደፉ ቢወድቅም ሳይታሰብ ሊተኩስ ይችል ነበር።

አሜሪካዊው ጆን ቶምሰን በአንጻሩ መቆለፊያውን አልተወም። የባሕር ኃይል መኮንኑ ጆን ብሊሽ ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች በከፍተኛ ግፊት ይጣበቃሉ ብሎ ባመነበት ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ የነሐስ ማያያዣ በመሣሪያው ውስጥ አስገባ። ንዑስ መትረየስ የሚለውን ስያሜ ለገበያ ያበቃው የቶምሰን ድርጅት ቢሆንም መሣሪያው ለአንደኛው የዓለም ጦርነት አልደረሰም፤ ዋጋውም ውድ ነበር። ብርቱ ፍላጎት የመጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ያን ጊዜ መሐንዲሶች የነሐሱን ቁራጭ አወጡት፤ መሣሪያው ያለ እርሱም በሚገባ ተኮሰ። በ1942 የአሜሪካ ጦር የተቀበለው ኤም 1 ቶምሰን እንደ ኤም ፒ 18 በመዝጊያው ክብደት ብቻ የሚሠራ ነበር።