የኔትወርክ ኬብል ዝርጋታ በቤታችን፦ ቴስተሩ ያልነገረኝ ነገር

መምህሮቻችን ስለ ኬብል ሲያስተምሩን "የተገመደ ጥንድ" የሚለውን ቃል ደጋግመው ያነሱት ነበር። እኔም በፈተና ላይ ጽፌው ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ምን ማለት እንደሆነ በደንብ የገባኝ ግን በክፍል ውስጥ ሳይሆን በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ በቤታችን ግቢ ውስጥ ነው። ከስህተቴ ሌላው ተማሪ ቢማርበት ብዬ ነው ይህችን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ቤት ራውተር ያለው ዋናው ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። ታላቅ እህቴ የምትኖረው ደግሞ ከጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ነው። በመካከሉ ሁለት የብሎኬት ግድግዳና አንድ የቆርቆሮ መጋዘን አለ። ብሎኬት የዋይፋይን ሞገድ ያዳክማል፣ ቆርቆሮ ደግሞ ብረት ስለሆነ ጭራሽ መልሶ ያንጸባርቀዋል። ስለዚህ እህቴ ክፍል ውስጥ ዋይፋይ አለ ከማለት የለም ማለት ይቀላል። በዚያ ሰሞን እህቴ ለማስተርስ የነፃ ትምህርት ዕድል አመልክታ ኖሮ ለቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ተጠራች። ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ጠዋት 4 ሰዓት። የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ኮምፒውተር የሚማረው እኔ ነኛ!

በገመድ ስለካው ከራውተሩ እስከ እህቴ ጠረጴዛ 28 ሜትር ሆነ። ለእንዲህ ዓይነት ኬብል የተፈቀደው ርቀት 100 ሜትር ስለሆነ ችግር የለም ብዬ 35 ሜትር ካት 5 ኢ ገዛሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠቁም። ገበያ ላይ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን ብቻ መዳብ የተቀባ ኬብል አለ። ይህ ኬብል በቀላሉ ይሰበራል፣ ለኤሌክትሪክም የበለጠ እንቅፋት ይሆናል። ለመለየት የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ ማድረግ ይበቃል፤ ከሥሩ ነጭ ብረት ከወጣ አሉሚኒየም ነው። የኔው ቀይ ሆኖ ወጣ።

ቀዳዳውን የበሱልኝ የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ኬብሉን የመብራት ሽቦ ባለበት ቱቦ ውስጥ ላስገባው ስል "ተው ልጄ፣ መብራት ካለበት ጋር እንዳታገናኘው!" ብለው ለብቻው የፕላስቲክ ቱቦ አስገዙኝ። ልክ ነበሩ። የመብራቱ ሽቦ ልባሱ ቢላጥ 220 ቮልት በኔትወርኩ ኬብል በኩል ሰውም ዕቃም ጋ ሊደርስ ይችላል።

ቀጥሎ መሰኪያዎቹን (አርጄ 45 የሚባሉትን) በሁለቱም ጫፍ አሰርኩ። ኬብሉ ውስጥ 8 ሽቦዎች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው በመገመድ 4 ጥንድ ይሆናሉ። እኔም "ዋናው ሁለቱ ጫፍ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው" ብዬ ጥንዶቹን እንዳሉ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው፦ ብርቱካናማው ከነጩ፣ አረንጓዴው ከነጩ፣ ሰማያዊው ከነጩ፣ ቡናማው ከነጩ ጋር። ለዓይን ያምራል። ቴስተሩን ስሰካ ከ1 እስከ 8 ያሉት መብራቶች በተራ በተራ በሩ። አባባ "የተማረ ይግደለኝ!" አሉ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ረቡዕ ማታ እህቴ ከጓደኛዋ ጋር የሙከራ ጥሪ አደረገች። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ምስሉ ይቆማል፣ መስመሩ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። እኔ ሆዬ ምን አልኩ? "ላፕቶፕሽ አርጅቷል።" እህቴ ዝም ብላ አየችኝና "ትናንት ሳሎን ሆኜ ስሠራበት ምንም አልሆነም እኮ" አለችኝ። ላፕቶፑን ወስደን በፋብሪካ በተሠራ አጭር ኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኘነው። እንደ ጉድ ሠራ። ጥፋቱ የኔው መስመር ነበር። በመስመሩ 100 ፒንግ ስልክ 23ቱ ሳይመለሱ ቀሩ። ቴስተሩን ደግሜ ሰካሁ። አሁንም ስምንቱም በሩ! ቴስተሩ ይዋሻል እንዴ?

አይዋሽም። ርካሽ ቴስተር የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "ከዚህ ቁጥር 1 የወጣው እዚያ ቁጥር 1 ደርሷል ወይ?" የትኛው ሽቦ ከየትኛው ጋር ተገምዷል የሚለውን አይጠይቅም። የኔ ስህተት ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ሽቦዎቹ ለምን ይገመዳሉ? በአንድ ጥንድ ውስጥ ያሉት ሁለት ሽቦዎች እኩልና ተቃራኒ የሆነ ምልክት ይይዛሉ እንበል፣ አንዱ +1፣ ሌላው -1። ተቀባዩ የሚያነበው ልዩነታቸውን ነው፤ ልዩነቱም 2 ነው። ከውጭ 3 የሚያህል ረብሻ ቢመጣ፣ ሽቦዎቹ ስለተገመዱ ሁለቱንም እኩል ይነካቸዋል። አንዱ 4፣ ሌላው 2 ይሆናል፤ ልዩነቱ ግን አሁንም 2 ነው። ረብሻው ተቀናንሶ ጠፋ ማለት ነው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ይህንን ዘዴ ለስልክ መስመር ብሎ በ1881 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። የኛም "ገመድ" የሚለው ቃል ከ"መግመድ" ጋር የተያያዘ ነው።

እንግዲህ የኔትወርክ ዕቃዎች ጥንድ አድርገው የሚጠቀሙት 1 ከ2፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5፣ 7 ከ8 ነው። 3 ከ6 ጋር የሆነው መካከለኛዎቹ 4 እና 5 ቀድሞ ለስልክ መስመር ይውሉ ስለነበር ነው። በኔ አደራደር ግን ቁጥር 3 ነጭ-አረንጓዴ፣ ቁጥር 6 ሰማያዊ ሆኑ። አንድ ምልክት ተሸክመው ከተለያየ ጥንድ የመጡ፣ ያልተጋመዱ ሽቦዎች ናቸው። ስለዚህ የጎረቤታቸውን ረብሻ እኩል አይቀበሉም፤ ሲቀናነስም አይጠፋም። ይህ ስህተት ስፕሊት ፔር (የተከፈለ ጥንድ) ይባላል።

ትክክለኛው አደራደር (ቲ 568 ቢ የሚባለው) ይህ ነው፦

1. ነጭ-ብርቱካናማ
2. ብርቱካናማ
3. ነጭ-አረንጓዴ
4. ሰማያዊ
5. ነጭ-ሰማያዊ
6. አረንጓዴ
7. ነጭ-ቡናማ
8. ቡናማ

ያን ሌሊት ሁለቱንም ጫፍ ቆርጬ እንደገና አሰርኩ። የተገመደውንም ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳልፈታው ተጠነቀቅሁ፤ ብዙ ከተፈታ ያው ስህተት በትንሹ ይደገማል። ስጨርስ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል። ግንኙነቱ 1 ጊጋ ቢት በሰከንድ አሳየ። 100 ፒንግ ላክሁ፣ 100ውም ተመለሱ። እህቴ ሐሙስ ጠዋት 40 ደቂቃ ያህል ተጠየቀች፤ መስመሩ አንዴም አልተቋረጠም። ማታውን ላፕቶፕዋን በሐሰት ስለከሰስኩ ይቅርታ ጠየቅኋት። "የተማረ ይግደለኝ አሉ አባባ፣ ለጥቂት ልትገድለኝ ነበር" ብላ ሳቀችብኝ።

አንድ ጉድለት ግን አሁንም አለ። የኔ ኬብል ከቤት ወደ ቤት በውጭ ያልፋል፣ መዳብም ስለሆነ መብረቅ ሲኖር አደገኛ ነው። ስለዚህ ዝናብና ነጎድጓድ ሊመጣ ሲል ቀደም ብለን ከሁለቱም ጫፍ እንነቅለዋለን። አቅም ያለው በሁለት ቤት መካከል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈውን ፋይበር ቢዘረጋ ይሻለዋል።

በመጨረሻም ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በላብ ትክክለኛውን ኬብል ብቻ አሥረን፣ መብራቱ ሲበራ አይተን እንወጣለን። አንድ ቀን ሆን ብለን የተከፈለ ጥንድ ብንሠራና ስምንቱም መብራት በርቶ መስመሩ እንዴት እንደሚያስቸግር ብናይስ? እኔ በእህቴ ቃለ መጠይቅ ዋዜማ የተማርኩትን ሌላው ተማሪ በላብ ውስጥ፣ ማንንም ሳይጎዳ ይማረው ነበር።